አፌን ሳልፈታ ያመጣሁት ብር

እኔና ባሌ መላኩ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ነጭ ሽንኩርት መላጥ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ጉንፋን ይዞት ሁለት ቀን ሲያስነጥስ ሰንብቷል። ላሊበላ ባለው ቤታችን ደጃፍ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ተቀምጠን እሱ ይልጣል፣ እኔ ከጤና አዳም ጋር እወቅጣለሁ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ‹ክሊኒክ ሂዱ› ስል ኖሬ፣ በስተርጅና የሽንኩርት ላጭ ልሁን?» አለ።

«ላጭ ብቻ አይደለህም፤ ጠጪም ነህ» አልኩት።

«እንግዲያው ማሩን አብዢው።»

ማሩን አበዛሁት። ፊቱን አጨማዶ ጠጣውና ብርጭቆውን ራሱ አጠበ። ዓርብ ማለዳ ልቡ ቆመ። ሐኪሙ ከጉንፋኑ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም አለኝ። የሽንኩርቱ ሽታ ከጣቶቼ ሳይለቅ ቀበርነው።

ለቅሶ ሊደርሰኝ የመጣው ሰው ሁሉ መድኃኒት ያዝዝልኝ ነበር። ለራስ ምታቴ ዳማከሴ፣ እንቅልፍ ለማጣቴ የሞቀ ወተት፣ ምግብ አልወርድ ላለው ጉሮሮዬ ተልባ። አልቆጣም። እኛ ላስታዎች ባዶ እጃችንን ከታመመ ሰው ዘንድ መቀመጥ አንችልም። ሁሉም መድኃኒት ጓሮ የሚበቅል ወይም ከጎረቤት የሚለመን ነው፤ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ስለሌለውም እምቢ ለማለት ያስቸግራል። መላኩ ጤና ረዳት፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ድሬሰር፣ ሆኖ ከዚህ ልማድ ጋር ሲከራከርም ሲስማማም ኖረ። እኔ ግን ሴቶቹ ሲያዝዙልኝ አንገቴን እየነቀነቅኩ የማስበው ስለ አንድ መድኃኒት ብቻ ነበር፤ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ስለተሸከምኩት ብር።

ደርግ ከገባ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ሰፈራችን ከላሊበላ በላይ፣ ብርዱ አጥንት የሚገባበት ደጋ ላይ ነው፤ ገብሱ እየታጨደ ዓውድማው ሁሉ የገለባ አቧራ ይጤስበታል። እኔ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ስለነበር በመንደሩ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ተደርጌያለሁ። ታላቅ እህቴ ዘነበች በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ሰሜን ተወስዶ ነበር፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም። ሕፃኗ የእሱ ምትክ ሆና ነው የመጣችልን።

በሦስተኛው ቀን የሕፃኗ ዓይኖች አበጡ። በአራተኛው ቀን ሽፋኖቹ ተጣብቀው፣ በተከፈቱ ቁጥር ቢጫ መግል ይወርድ ጀመር። እናቴ መጀመሪያ የእህቴን ወተት ጠብ ጠብ አደረገችበት። ምንም አልሆነም።

«እማ፣ ክሊኒክ እንውሰዳት» አልኩ።

«አምስት ቀን ያልሞላትን ልጅ? ለፀሐይና ለሰው ዓይን አውጥቼ?» አለች እናቴ። «ብሩ ይምጣ። ብሩ ካላዳናት ያኔ እናያለን። ነገ አንቺ ትሄጃለሽ።»

በእኛ አገር ለዓይን ሕመም የሚፈለገው ብር ነበር። ወረቀቱን ማለቴ አይደለም፤ ጠገራውን፣ የሴት ምስል ያለበትን የጥንቱን ማርትሬዛ ነው። ጠገራ ያለው ቤት ብዙ ነበር፣ በዓይን መድኃኒትነቱ የታወቀው ግን የእማሆይ አበበች ብር ነው። እማሆይ በነአኩቶ ለአብ ገዳም አጠገብ የሚኖሩ መነኩሲት ነበሩ። ብራቸው ስንት ጣት እንደዳሰሰው እንጃ፣ የሴትዮዋ ፊት ተፍቆ አፍንጫዋ እንኳ አይለይም። ከምንጭ ውሃ ውስጥ ተከትቶ ይቆይና በውሃው ዓይን ይታጠባል። እማሆይ በምላሹ እፍኝ ገብስ እንኳ አይቀበሉም። ብሩ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። ብሩን የሚያመጣው ሰው ከእንቅልፉ ከተነሣ ጀምሮ ለታማሚው ቤት እስኪያስረክብ ድረስ ከማንም ጋር አይነጋገርም። አፉን አይፈታም። አንዲት ቃል ካመለጠችው ብሩ ለዚያ ቀን ተራ ብረት ነው፤ በማግስቱ እንደገና መምጣት አለበት።

ጎህ ሲቀድ እናቴ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችኝና በሩን አሳየችኝ። ምንም አልተባባልንም። ከእህቴ መደብ በኩል የሕፃኗ ልቅሶ ይሰማል። ልቅሶ ማለትም አይቻልም፤ ድመት በር ላይ ስትቧጥጥ የምታሰማውን ይመስል ነበር።

ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሰው ሳገኝ ነጠላዬን አፌ ላይ እየጫንኩ አልፋለሁ፤ የገባቸው መንገድ ይለቁልኛል። እማሆይ ደጃፍ ስደርስ ፀሐይ ገደሉን ነክታው ነበር። ዓይኔን በጣቴ ነካሁ፣ ከዚያም ክንዴን እንደ ማቀፊያ አድርጌ ወዘወዝኩ።

«ሕፃን ናት?» አሉ። ሕጉ ተሸካሚውን እንጂ እሳቸውን አያስርም፤ እንዲያውም የዝምተኛውን ድርሻ ጨምረው ነበር የሚያወሩት። «ውይ እኔን! ዘንድሮ ዓይኑ በዛ። ትናንትና የመለሰችው ሴትዮ ደግሞ ጨርቄን ለውጣ ነው ያመጣችው፣ የእኔ ነጭ ነበር። ግድ የለም። ነይ ያዢው። መንገድ ላይ ሰው ቢሰድብሽም አትመልሽ፤ ስድብ ብዙውን ያሳሳተው ነው።»

ብሩን ከጤና አዳም ዝንጣፊ ጋር በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። በመቀነቴ አሰርኩትና ተመለስኩ።

ስሄድ ያልነበረ ገመድ ስመለስ መንገዱ ላይ ተወጥሮ ጠበቀኝ። ኬላ ነው። አራት ሚሊሺያዎች ወይራ ሥር ቆሎ እየቆረጠሙ ተቀምጠዋል። አለቃቸው ጓድ ሲሳይ ይባላል፤ ከሌላ ወረዳ የመጣ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

«ከየት ነው?» አለኝ።

ወደ ነአኩቶ ለአብ በእጄ ጠቆምኩ።

«እጅሽን አልጠየቅሁም። ስምሽ ማነው?»

ዝም አልኩ። ዓይኔን ነካሁ፣ ክንዴን ወዘወዝኩ። አንዱ ወጣት ሚሊሺያ ሳቀና «ባል ፈልጊልኝ እያለችህ ነው፣ ልጅ አምሯታል» አለ። ተሳሳቁ። ሲሳይ አልሳቀም። መቀነቴ ላይ ያለውን ቋጠሮ በዱላው ጫፍ ነካ።

«ፍቺው።»

ፈታሁት። ጨርቁን ድንጋይ ላይ ስዘረጋ ብሩ በፀሐዩ አበራ።

«ማርትሬዛ!» አለ። «ለማን ነው የምታደርሺው? ጫካ ላሉት?»

ከመካከላቸው ሽበታሙ ቀስ ብሎ «ጓድ፣ መድኃኒት ይዛ ይሆናል እኮ። በኛ አገር መድኃኒት የያዘ ሰው አይናገርም» አለው።

«ባለፈው ሳምንትም ‹መድኃኒት ይዛለች፣ አታናግሯት› ብላችሁ ያሳለፋችኋት ሴትዮ ቀሚሷ ውስጥ የጫካዎቹ ደብዳቤ ነበር። በእኔ ራስ መጣ እንጂ በእናንተ አልመጣም!» ወደ እኔ ዞረ። «ተቀመጪ። መናገር ሲያምርሽ ትሄጃለሽ።»

ተቀመጥኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው።

ያን ቀን በዝግታ ነው የማስታውሰው፣ ምክንያቱም በዝግታ ነው ያለፈው። የወይራው ጥላ እግሬ ላይ ነበር፤ ከእግሬ ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ ገመዱ ሄደ። ከሩቅ ዓውድማ ላይ በሬ የሚነዱ ሰዎች ድምፅ ይመጣል። የተቆላው ገብስ ይሸተኛል። ወጣቱ እፍኝ ቆሎ ዘርግቶ «በይ እንጂ፤ ‹እሺ› በይና ውሰጅ» ይለኛል። አንድ ጊዜ «እናትሽ ሞተች አሉ፣ አልሰማሽም?» ብሎ ጮኸብኝ። ደንግጬ አፌ ተከፈተ። ድምፁ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሽበታሙ «ተው አንተ፣ ነውር ነው» ሲለው ሰማሁ።

ስሜን ብናገር እንደሚለቁኝ አውቃለሁ። ግን ከተናገርኩ ነገ ጎህ ሲቀድ እንደገና መነሣት፣ እንደገና መምጣት፣ ምናልባት እንደገና መታሰር ነው። ሕፃኗ ሌላ ቀን የላትም። ዝም ብል ግን በማንኛውም ደቂቃ ሊለቁኝ ይችላሉ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ዝም አልኩ። እያንዳንዱን ደቂቃ ለእሷ የማተርፍላት እየመሰለኝ ዝም አልኩ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሲሳይ ተነሣ። «እሺ። ወደ አውራጃው ትሂድ። እዚያ ዲዳን የሚያናግሩ አሉ» አለ። ወጣቱ ሳቁን አቆመ። እዚያ ስለገቡ ሰዎች ሁላችንም ሰምተናል። ነጠላዬን አፌ ላይ ጫንኩ።

በዚህ መካከል ከታች በኩል አንድ ቀጭን ሰው፣ የክትባት ሣጥን በትከሻው አንግቶ፣ አቧራ ለብሶ መጣ። የክሊኒኩ ድሬሰር ነበር። ሲሳይ ከእሱ ጋር ይተዋወቃል።

«ድሬሰር፣ ለዲዳ የሚሆን መርፌ አለህ?» አለው።

ድሬሰሩ አየኝ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ፣ ብሩንና የጠወለገውን ጤና አዳም አየ። ሣጥኑን አውርዶ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ።

«እታለም፣ አፍሽን አልፈታሽም?» አለኝ በቀስታ። የፍላቂት ልጅ ነበር፤ በእነሱም ዘንድ ያው ነው።

ራሴን ነቀነቅኩ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ከክትባት መዝገቡ ጀርባ ገጽ ቀደደ። «መጻፍ ታውቂያለሽ?»

ጻፍኩ። የእህቴ ልጅ፣ አምስት ቀኗ፣ ዓይኗ አብጦ መግል ይዟል፣ ብሩ የእማሆይ አበበች ነው ብዬ ጻፍኩ። ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ።

«ቢጫ ነው መግሉ? ወፍራም?»

በራሴ አዎን አልኩ።

«አንዱ ዓይን ነው?»

ሁለት ጣት አሳየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተና ወደ ሲሳይ ዞረ። «ልቀቃት። ሕፃን ልትታወር ነው።»

«ወረቀት ማንም ይጽፋል» አለ ሲሳይ። «በአፏ ትናገር። ስሟን፣ ያባቷን ስም፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበሯን። ሊቀመንበሩን እኔ አውቀዋለሁ፤ ካልተሳሳተች ትሂድ።»

ድሬሰሩ ወደ እኔ ተመለሰ። የሚናገረው ለእኔ ብቻ ነበር።

«ስሚኝ። እናቴም ለዓይኔ ብር አስመጥታልኛለች፣ አልስቅብሽም። ሐኪሞችም ቢሆኑ በድሮ ጊዜ አዲስ ለተወለደ ሕፃን ዓይን ከብር የተሠራ ጠብታ ነበራቸው። ግን ያ በመድኃኒት ቤት የተሠራ ነው። የእማሆይ ብር ውሃ ውስጥ ቢከርም ውሃው ያው ውሃ ነው። ይሄ በሽታ የዓይንን ብሌን ይበላል፤ በሰዓት ነው የሚበላው። ቅባት ሣጥኔ ውስጥ አለኝ፣ መርፌው ክሊኒክ ነው። ቤታችሁን ግን አላውቀውም። አሁን ዝም ባልሽ ቁጥር የምትጎዳው እሷ ናት።»

እናቴ በሩን እንዴት እንዳሳየችኝ ታየኝ። ልጅቷ ብትታወር በእኔ አፍ ታወረች እንደሚባል አወቅሁ። የማላውቀው ሰው ነው የሚያዝዘኝ። እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬ ጋር ድምፄም መጣ።

«እታፈራሁ ነው ስሜ።» ሻክሮ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ያባቴን ስም ተናገርኩ፣ የሊቀመንበሩን ስም ተናገርኩ።

«ድምፅስ አላት!» አለ ወጣቱ። ሲሳይ ብሩን አንሥቶ በመዳፉ መዘነውና ጭኔ ላይ ጣለልኝ። «ከጠዋቱ ብትናገሪስ?» አለኝ። ብቻ ይህን ነው ያለው።

ከተማ ገብተን መድኃኒቱን ያዝን፣ ከዚያ ዳገቱን ተያያዝነው። ድሬሰሩ መላኩ ከኋላዬ እያለከለከ ይወጣል። እግሬ ቢደማም አልቆምኩም።

ደጃፍ ላይ እናቴ ቆማ ነበር። ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

«አፍሽን ፈትተሻል?»

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። አልፈታሁም ማለቴ ነው። ብሩን በሁለት እጄ አስረከብኳት። መላኩ ከኋላዬ ሆኖ አይቷል፤ ምንም አላለም።

እናቴ እሱን ስታይ ፊቷ ተቋጠረ። እሱ ግን ጫማውን በር ላይ አውልቆ እጅ ነሣ። «እናቴ፣ ብሩን አልከለክልዎትም። ውሃው ውስጥ ከተው እሳት ላይ ይጣዱልኝና በደንብ ይፍላ። ሲበርድ በዚያ ያጥቧታል፤ ከዚያ እኔ የኔን ልጨምር» አላት። እናቴ ብሩ ያለበት ውሃ ይፈላል ሲባል ሰምታ አታውቅም፤ ግን ብሩን ያልናቀ ሰው ስለሆነ እሺ አለች። እሱ የፈለገው የፈላ ውሃ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ንጹሕ ጨርቅ አስቀደደ፣ መግሉን አጸዳ፣ ቅባቱን አደረገ፣ የዚያችን የእፍኝ ሰው ጭን መርፌ ወጋ። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አንዷን ዓይን እንኳ ተውልኝ፣ አንዷን እንኳ» ትል ነበር፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ሦስት ቀን ተመላለሰ። በአራተኛው ቀን ሕፃኗ ቀኝ ዓይኗን ከፍታ ከጣሪያው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን ተከተለችው። ግራው ግን ነጭ ለበሰ፤ እንደዚያው ቀረ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ልጅቷን ያዳነው ብሩ ነው ትል ነበር። «እታፈራሁ አፏን ሳትፈታ ያመጣችው ብር» እያለች ለእንግዳ ታወራ ነበር። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። ስለ ኬላው መንገድ ላይ ዘገየሁ ከማለት በቀር የነገርኩት የለም። መላኩም አልተናገረም። በዓመቱ ሽማግሌ ላከ።

ከተጋባን በኋላ ጠየቅሁት። «ከጠዋቱ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ፣ እናንተ ክሊኒክ ሰው ልኬ ቢሆን ኖሮ፣ ግራ ዓይኗ ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም» አለ።

በየጥቂት ዓመቱ እጠይቀዋለሁ። ልጅ ስወልድ ጠየቅሁት። እናቴን የቀበርን ቀን ጠየቅሁት። ሁልጊዜ ያው ነው፤ አላውቅም። ‹አይተርፍም ነበር› ማለት ምን ያህል ቀላል ነው! ለስንቱ በሽተኛ ‹ትድናለህ› ሲል ሰምቼው የለ? ለእኔ ሲሆን ቃሉን የሰሰተ መስሎኝ አኮረፍኩት፤ አንድ ጊዜ ከፋሲካ እስከ ሰኔ አኮረፍኩት። ሲቆይ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። በዚህ ዓለም ያን ሦስት ሰዓት ከእኔ ጋር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እውነቱን ካልነካካው ብቻ ነው አብሮኝ ሊሸከመው የሚችለው።

አሁን እሱም የለም። አርባው ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ የእህቴ ልጅ የሺ ቀረችልኝ። ኩልመስክ ነው የምትኖረው፤ የልጆች እናት ናት፣ በአንድ ዓይኗ የመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ከእኔ ፈጥና ታስገባለች። ዕቃ እያጠበች ሳለ ነገርኳት። ኬላውን፣ ቆሎውን፣ ሦስቱን ሰዓት፣ በመጨረሻ መናገሬን፣ ለአያቷ መዋሸቴን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ሳህኑን ደፋችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እትዬ» አለች፣ «ታዲያ ባል ያገኘሽው በእኔ ዓይን ነዋ?»

ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሌላ ሳህን አነሣች፣ አጠበች፣ ደፋች።

«ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «እሷ በብሩ ነው የምታምነው።»

ይቅር ብላኝ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ማለዳ ተሳፍራ ሄደች።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን እታጠባለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ለየሺ ስልክ እደውላለሁ፤ አፌን የምፈታው ከእሷ ጋር ነው።